የጨርቅ ልጅ፦ የዕቃቃ ጨዋታ በወገራና በስሜን ደጋ

በአማርኛ ንግግር «ዕቃቃ» የሚለው ቃል ክብር ያለው ቃል አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ቁም ነገር አልሠራም ለማለት «የዕቃቃ ጨዋታ ይዟል» ይባላል፤ ያልጸና ትዳርም ሆነ ፍሬ ያላፈራ ጉባኤ በዚሁ ስም ይነቀፋል። «አሻንጉሊት» የሚለውም ቃል ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በሌላ ኃይል ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ መንግሥት «አሻንጉሊት መንግሥት» ሲባል፣ በተለይም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በነበሩት ጋዜጦችና በየስብሰባው አዳራሽ፣ ቃሉ ከልጆች እጅ ወጥቶ የፖለቲካ ስድብ ሆኖ ኖሯል። የሁለቱ ቃላት እውነተኛ ሥፍራ ግን አዳራሹ ሳይሆን የቤቱ ጓሮ፣ የአጥሩ ጥግና የጭዱ ክምር ሥር ነው፤ ይኸውም ሕፃናት በጠጠር ቤት ሠርተው፣ በጨርቅ ልጅ ወልደው፣ ጎጆ ወጥተው የሚውሉበት ቦታ ነው።

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ ወለቃን፣ አምባጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ተጠማዞ ወደ ዛሪማ ቆላ ሲወርድ፣ በስተምሥራቅ የስሜን ተራሮች እስከ ራስ ዳሸን ድረስ ይዘልቃሉ። የዚህ አገር ታሪክ በጽሑፍ ያልተነገረ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ወደ ጎንደር አልፏል። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንን መሠረት አድርገው ትግራይን ጭምር ሲገዙ ኖረው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ሆኑ፤ ድል አድራጊው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ደግሞ በደባርቅ አቅራቢያ ወልክፊት ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር እጁን ሰጠ። ይህ ሁሉ የጦርና የዘውድ ታሪክ ነው። ሠራዊቱ ባለፈበት በዚያው መንገድ ዳር፣ በየጎጆው ጓሮ፣ የስንት ትውልድ ሴት ልጆች የጨርቅ ሕፃን አዝለው እንዳደጉ ዜና መዋዕል ጸሐፊው እንዲጽፍ አልታዘዘም፤ ቢታዘዝም ኖሮ ብራናውን ለዚህ ባላወጣው ነበር።

የዕቃቃ ጨዋታ የሚጀመረው ቤት በመሥራት ነው። ልጆቹ ከየአካባቢው ጠጠርና ድንጋይ ለቅመው በመሬት ላይ ክብ ይደረድራሉ፤ አንዱ ወገን ክፍት ይተውና በር ይሆናል። በመካከሉ ሦስት ትናንሽ ድንጋዮች እንደ ጉልቻ ይተከላሉ። ከተሰበረ እንስራ ወይም ከተጣለ ድስት የተገኘ ገል ምጣድ ይሆናል፤ አፈር ዱቄት፣ ጭቃ ሊጥ፣ ሰፊ ቅጠል እንጀራ፣ እምቧይ እንቁላል ወይም ሽንኩርት ይሆናል። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ በእረኝነት የሚውሉ በመሆናቸው ከጭቃ በሬ ሠርተው፣ በእንጨት ቀንበር ጠምደው ያርሳሉ። ከዚያም የሥራ ድልድል ይደረጋል፤ እናት የምትሆነው፣ አባት የሚሆነው፣ ጎረቤት፣ እንግዳና ቄስ የሚሆኑት ይለያሉ። በዚህ ድልድል ላይ የሚነሣው ጠብ አንዳንዴ ከጨዋታው ይረዝማል።

ቤቱ ከቆመና ምድጃው ከተተከለ በኋላ ልጅ ያስፈልጋል። ልጁ የሚሠራው ከቡትቶ ነው። ጥቂት ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ራስ ይድቦለቦላል፤ በላዩ ሌላ ጨርቅ ተሸፍኖ አንገቱ ላይ በክር ይታሰራል፤ የቀረው ጨርቅ ወደ ታች ተለቆ አካል ይሆናል፤ መቆም ካስፈለገው በመካከሉ እንጨት ይገባበታል። ዓይንና አፍ ብዙ ጊዜ አይሠራለትም። ሲያልቅ በሌላ ብጫቂ ይጠቀለልና በነጠላ ጫፍ ተደግፎ በጀርባ ይታዘላል። የሠሪዋ ዕድሜ 5 ወይም 6 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሥራውም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። ጨዋታው ሲያበቃ ጨርቁ ይፈታል፣ ወይም ከጠጠሩ ጋር በዚያው ይቀራል። በማግሥቱ ሌላ ልጅ ይወለዳል።

ይህ ቡትቶ በቀላሉ የሚታይ ዕቃ አልነበረም። ጥጥ በደጋ አይበቅልም፤ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ገበያ የሚወጣው ከቆላ ነው፤ ተገዝቶ፣ በእናት እጅ ተፈትሎ፣ ለሸማኔ ተሰጥቶ የሚመጣው ልብስ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነበር። በመሆኑም አንድ ጋቢ ወይም ነጠላ ሲያረጅ አይጣልም፤ መጀመሪያ ለልጅ ልብስ ይቀደዳል፣ ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፣ ከዚያም ለምድጃ ሥራ ይውላል፤ የምጣድ ማሰሻ ለመሆን እንኳ የማይበቃው ብጫቂ ብቻ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል። የጨርቅ ልጁ እንግዲህ የአንድ ልብስ የመጨረሻ ዕድሜ ነው። የዚህ ዓይነት ዕቃ በደጋ ዝናብ ውስጥ አንድ ክረምት አያልፍም። በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ ከኦክሲሪንከስ የተገኘች፣ በሮማውያን ዘመን የተሠራች፣ ከተልባ እግር ጨርቅ ተሰፍታ በቡትቶና በፓፒረስ የተሞላች አሻንጉሊት ትገኛለች። እርስዋን ለዚህ ያበቃት የግብፅ ደረቅ አሸዋ ነው። የስሜን ደጋ እናቶችም ከዚያ ያነሰ ቡትቶ አልነበራቸውም፤ አሸዋው ግን አልነበራቸውም።

ስለ ገሉም አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በወገራና በስሜን የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቻቸውም ብዙዎቹ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ገበሬው የሚጋግርበት ምጣድ፣ የሚያፈላበት ጀበና፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ በአብዛኛው ከነዚህ ሴቶች እጅ የወጣ ነው፤ የሚያርስበትን ማረሻ የቀጠቀጡትም ባሎቻቸው ነበሩ። ሆኖም ባላባታዊው ሥርዓት የእጅ ሙያተኛውን አክብሮ አያውቅም። መሬት ርስት አድርጎ እንዳይዝ ከልክሎት፣ «ቡዳ» ብሎ ሰይሞት፣ ከሥራው ፍሬ ግን አንድ ቀን እንኳ መለየት ሳይችል ኖሯል። ገበሬው በር ላይ ያስቆማት የሸክላ ሠሪ ምጣድ ሲሰበር የገበሬው ልጅ በዕቃቃ ቤትዋ መካከል አክብራ ታስቀምጠው ነበር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከጎንደር አፋፍ ላይ ያለችው የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪዎች ለአገር ጎብኚ የሚሸጥ የሰውና የእንስሳት ቅርጽ መሥራት ጀመሩ፤ ወለቃም በዚሁ ታወቀች። እነዚህ የሸክላ ሰዎች የተሠሩት ለሕፃናት አልነበረም፤ በውጭ አገር ሰው ሻንጣ ገብተው የሚሄዱ ነበሩ። ሠሪዎቻቸውም ኋላ ሄዱ፤ አብዛኛው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዘ። በወለቃ ቅርጻ ቅርጹን ሠርቶ የመሸጡን ሥራ ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉበት።

የጨዋታ ነገር ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር መሆኑን ቀድሞ የተረዳው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው ጓድ እ.ኤ.አ. በ1932 ለወራት ጎንደር ላይ ተቀምጦ ነበር። ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ አበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች አንድ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በምዕራብ አፍሪካ ስላሉት ስለ ዶጎን ሕዝብ ጨዋታዎች ሌላ ጻፈ። ይኸው ጓድ የጎንደርን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወደ ፓሪስ መውሰዱ የሚረሳ አይደለም። የአገሩ ሊቃውንት ከቁም ነገር ያልቆጠሩትን የልጆች ጨዋታ በክብር የመዘገበ እጅና የሊቃውንቱን ሥዕል የወሰደ እጅ አንድ መሆኑ የዘመኑን የጥናት ሥራ ከነመልኩ ያሳያል።

ጨዋታው ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ሶቪየታዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌኒንግራድ በሰጠው፣ ከሞተ ከረጅም ጊዜ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው ንግግሩ ላይ፣ የልጅ የማስመሰል ጨዋታ ልቅ የሆነ ሕልም ሳይሆን በሕግ የሚመራ ሥራ መሆኑን አስረድቷል። እንጨት እንደ ፈረስ የሚጋልብ ልጅ የፈረስን ትርጉም ከፈረሱ ነጥሎ በእንጨቱ ላይ ማኖር ይማራል፤ እናት የሆነች ልጅም እናት የምታደርገውን ብቻ ማድረግ አለባት። ቪጎትስኪ እንደ ምሳሌ የጠቀሳቸው ሁለት እኅትማማቾች «እኅትማማች እንሁን» ብለው ሲጫወቱ፣ በኑሮ ሳያስተውሉት ያደርጉት የነበረውን ነገር ሁሉ በጨዋታ እንደ ሕግ ይፈጽሙታል። የደባርቅን ዕቃቃ ለተመለከተ ይህ ግልጽ ነው። የጨርቁን ልጅ በእግሩ ይዛ ያንጠለጠለች ልጅ በጓደኞችዋ ትገሠጻለች፤ «ራሱን ደግፊው» ትባላለች። ሲያለቅስ እሹሩሩ ማለት አለባት፤ እንግዳ ሲመጣ ተነሥታ መቀበል አለባት፤ ወጡ ሳይበስል ማቅረብ ነውር ነው።

የቪጎትስኪ ደቀ መዝሙር ዳኒኤል ኤልኮኒን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ስለ ጨዋታ ሥነ ልቡና በሚናገረው መጽሐፉ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በእርሱ አስተያየት የማስመሰል ጨዋታ ከሰው ባሕርይ ጋር የተወለደ ሳይሆን በታሪክ የመጣ ነው። የማምረቻ መሣሪያዎች ገና ቀላል በነበሩበት ዘመን ልጁ ከትልልቆች ጋር በቀጥታ ይሠራ ስለነበር ማስመሰል አላስፈለገውም፤ ሥራው ሲወሳሰብና ልጁ ከምርት ሲገለል፣ ሊገባበት ያልቻለውን የትልልቆች ዓለም በጨዋታ ይገባበት ጀመር። ይህ ጥልቅ ሐሳብ ነው፤ የልጅነትን ታሪክ ከምርት ታሪክ ጋር ያገናኛል። የስሜን ደጋ ልጅ ኑሮ ግን በዚህ ሐሳብ ላይ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል።

በዚህ አገር ልጅ ከሥራ ተገልሎ አያውቅም። ወንዱ 6 ወይም 7 ዓመት ሲሞላው በግና ፍየል ይዞ ወደ መስክ ይወጣል። ሴትዋ ከዚያም ሳትደርስ ውኃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ከሁሉም በላይ ታዝላለች። እናትየው ስትፈጭ፣ ስትጋግር ወይም ወደ ገበያ ስትወጣ ታናሹ ልጅ በታላቂቱ ጀርባ ላይ ይታሰራል። አንቀልባው ለእናት ጀርባ የተቆረጠ ቆዳ ስለሆነ ለልጂቱ ይሰፋል፤ በነጠላ ይተካል። እንደ ኤልኮኒን አባባል ቢሆን ይህች ልጅ የጨርቅ ልጅ የምትሠራበት ምክንያት አልነበራትም፤ እውነተኛው በጀርባዋ ላይ ነውና። ነገር ግን ትሠራለች። እንዲያውም እውነተኛውን ወንድምዋን በጀርባዋ እንዳዘለች፣ የጨርቁን በፊትዋ ታቅፋ ትጫወታለች።

የዚህ ምክንያቱ ከሁለቱ ልጆች ልዩነት ይገኛል። በጀርባዋ ያለው ሲያለቅስ ጥፋቱ የእርስዋ ነው፤ ቢወድቅ ትገረፋለች፤ መቼ እንደምታወርደው የምትወስነው እናትዋ ነች። የጨርቁ ልጅ መቼ እንደሚያለቅስና መቼ እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚባልና ምን እንደሚበላ የምትወስነው ግን እርስዋ ነች። በእውነተኛው ቤት ከሁሉ በታች ያለች ታዛዥ በዕቃቃው ቤት እመቤት ትሆናለች። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ያው ማዘል፣ ያው ማብሰል፣ ያው መጥረግ። የተለወጠው ማን ያዛል የሚለው ነው። ስለዚህ ዕቃቃን የወደፊት እናትነት ልምምድ ብቻ አድርጎ መመልከት የተለመደ ቢሆንም ከፊሉን ብቻ ማየት ነው። የስሜን ልጅ ለመለማመድ የጨርቅ ልጅ አያስፈልጋትም፤ ልምምዱ በየቀኑ ጀርባዋን ያጎብጠዋል። የጨርቁ ልጅ የሚያስፈልጋት የምትሠራውን ሥራ በራስዋ ሥልጣን ለመሥራት ነው። የኤልኮኒን መሠረታዊ ሐሳብ በዚህ አይፈርስም፤ ቦታው ይለወጣል እንጂ። በከተማና በኢንዱስትሪ አገር ልጁ የተገለለው ከሥራ ነው፤ በደጋው ገበሬ ቤት ልጂቱ የተገለለችው በሥራው ላይ ከሚሰጥ ትእዛዝ ነው።

ይህን ከያዙ በኋላ የጨዋታውን ዝርዝር መመልከት ሌላ ትርጉም ይሰጣል። በዕቃቃ ቤት አባት ብዙ ቦታ የለውም። በማለዳ ወደ እርሻ ይላካል፤ ሲመለስ ውኃ ቀርቦለት እጁን ይታጠባል፣ ይመገባል፣ እንደገና ይላካል። አባት የሆነው ልጅ ሲሰለቸው ጥሎ ቢሄድ እንኳ ጨዋታው አይቋረጥም፤ «አባታችሁ ዘመቻ ሄዷል» ማለት ይበቃል። ይህችን አገር ከደረስጌ እስከ ወልክፊት፣ ከዚያም ወዲህ በየዘመኑ የጎበኙትን ጦርነቶች ለሚያውቅ፣ ባል የሌለበት ቤት መቆሙን የሚያውቅ ጨዋታ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ወሊድም ይጫወቱታል። አራስዋ ትተኛለች፤ ጎረቤቶች እልል ይላሉ፤ የጭቃ ገንፎ ይገነፋል፤ በመካከሉ ጉድጓድ ተበጅቶ ቅቤው ይፈስበታል። ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሣት እንዳለበት ያውቃሉና ቀኑን በጣት ቆጥረው በአንድ ትንፋሽ ያደርሱታል፤ ቄስ የሆነው ልጅ ውኃ ይረጫል፣ ስም ይወጣል። የጨርቁ ልጅ ታሞ ይሞትም ይሆናል። በዚያ ዘመን ከተወለዱት ውስጥ ብዙዎቹ 5 ዓመት ሳይሞላቸው በኩፍኝ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ይሞቱ ስለነበር፣ ልቅሶ ሳይደረስባት ያደገች ልጅ በደጋው አልነበረችም። የለቀስተኛው ጨዋታ ትልልቆችን ያስደነግጣል፤ «ክፉ አታሟርቱ» ተብለው ይበተናሉ። ልጆቹ ግን የሚያሟርቱ አልነበሩም፤ ያዩትን በራሳቸው እጅ አንድ ጊዜ ሊያደርጉት ፈልገው ነው።

መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የዕቃቃው ዕቃ ተለወጠ። የሊማሊሞን መንገድ የቆፈሩት በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ነበሩ፤ ዓላማቸው ጦር ማሳለፍ ነው፤ ከጦሩ በኋላ ግን ጭነት መኪና አለፈበት። በገሉ ቦታ የቆርቆሮ ጣሳና የጠርሙስ ክዳን ገባ፤ ፈትሉ በፋብሪካ አቡጀዲ ተተካ፤ ከዚያም ዓይንዋን የምትከድን፣ ፀጉርዋ ቢጫ የሆነ የፕላስቲክ አሻንጉሊት በገበያ ቀን በሸራ ላይ ተዘርግታ ታየች። የመጀመሪያው ጉዳት መልኩዋ ነው እየተባለ ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም እውነት አለው፤ የደጋ ልጅ እርስዋን የማይመስል ልጅ እንድትወልድ መደረጉ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ለውጥ ግን ብዙም አልተስተዋለም። የጨርቅ ልጅ የሁሉም ነበር፤ ቡትቶ ያላት ሁሉ ትወልዳለች። የፕላስቲኩ የተገዛለት ብቻ ነው። ከርሱ ጋር ባለቤትና ተመልካች የሚባል ልዩነት ወደ ዕቃቃው ቤት ገባ። ሆኖም ልጆቹ ለዚህም መላ አላጡም፤ በፕላስቲክዋ ላይ ቡትቶ ይጠቀልሉባታል፣ ፊትዋን ሸፍነው ያዝሉዋታል፣ የእኔ ልጅ ነች የምትለውም በተራ ይለዋወጣል።

ቤቱም ተለወጠ። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድንበር ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ተዛውረው ሰፈሩ። ጅብራና አስታ ከሚበቅልበት አምባ የወረደች ልጅ የዕቃቃ ቤትዋን የምትሠራው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆነ፤ ክቡ የጠጠር ጎጆም አራት ማዕዘን መያዝ ጀመረ፤ ልጅ የሚሠራው ያየውን ቤት ነውና። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገደሉ፤ ከሊማሊሞ ወዲያ ካሉት ወረዳዎች የሸሹ ቤተሰቦችም ደባርቅ ላይ ተጠለሉ። ቤት የሌላት ልጅ በጠጠር ቤት ስትሠራ ጨዋታው ከማስመሰል ያልፋል፤ ነገሩ ግን ከዚህ በላይ ሊባልበት የሚገባ አይደለም።

የዕቃቃ ታሪክ ዋና ጥያቄ ጨዋታው እንዴት እንደሚጀመር ሳይሆን መቼና በማን እንደሚያበቃ ነው። በቀድሞው ዘመን የሚያበቃው በሠርግ ነበር። ከርስትና ከዝምድና ጋር በተያያዘ ምክንያት ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ገና ጥርሳቸው ሳይለወጥ ይድሩ ነበር። አንዳንዴ ሙሽራዪቱ ሠርጉ ተደርጎ ወደ ወላጆችዋ ትመለሳለች፤ አንዳንዴ ግን እዚያው በባልዋ ወላጆች ቤት እንድታድግ ትሰጣለች፤ ይህም ማደጎ ይባላል። ሙሽራው አካለ መጠን እስክትደርስ እንዳይነካት ቃል ይገባ ነበር፤ ቃሉ የሚጠበቅበትም የማይጠበቅበትም ጊዜ ነበር። የ8 ወይም የ9 ዓመት ሙሽራ በአማትዋ ቤት የምትሠራው ሥራ በወላጆችዋ ቤት ከምትሠራው ብዙም አይለይም፤ ያው መፍጨት፣ ያው መቅዳት ነው። ያጣችው ጓሮውን ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቁጭ ብላ የጨርቅ ልጅ ብታዝል «አግብተሽ ሳለሽ ዕቃቃ?» የሚል ተግሣጽ ይደርስባታል። ጨዋታውን የሚከለክላት ዕድሜዋ አልነበረም፤ ስምዋ መለወጡ ነው። ሚስት የሆነች ሁሉ የማታዝበት እውነተኛ ቤት ስላላት የምታዝበት የውሸት ቤት ተነፈገች። የእውነቱ ልጅ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይመጣል፤ ገና ያልጠና ሰውነት በሚወልድበት ጊዜ በምጥ ብዛት የሚደርሰው ሞትና ፌስቱላ የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ገጽ ነው።

ሕጉ ዘግይቶ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት ደግሞ 15 ዓመት ወሰነ፤ ይህም በወረቀት ላይ የነበረ ነው፤ ወገራና ስሜን የደረሰው በጣም ቆይቶ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ከጋብቻው ምክንያቶች አንዱን ነቀለ፤ ሌሎቹ ግን ቀሩ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቶችንም ልጆችንም በአንድ ዳስ ውስጥ አስቀመጠ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታዎች 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ዕድሜዋ 13 ካልሞላ ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመውን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከግማሽ የማያንሱት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸውን አሳይቷል። እነዚህ ሴቶች ዕቃቃቸውን በሠርግ የዘጉ ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ አያቶች ሆነዋል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት ያውቃል። በዳባትና በደባርቅ ይህን መብት በተግባር ያስረዘመው ግን ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ ትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ ደብተርዋን አስቀምጣ፣ ውኃዋን ቀድታ፣ ቀኑ ሳይመሽ ጥቂት ጊዜ ይተርፋታል። ዕቃቃውም አስተማሪ፣ ሐኪምና ሾፌር ጨምሯል፤ የጨርቁ ልጅ ክትባት ይወጋል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ሲያጠፋ ከክፍል ይወጣል። 10 ወይም 11 ዓመት ገደማ ሲሞላት ማንም ሳይከለክላት ይሰለቻታል። አንድ ቀን ጠጠሩን ስትደረድር ሐሳብዋ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ ጓደኞችዋም እንደዚያው። ቡትቶውን ታናሽ እኅትዋ ትወስደዋለች፤ አንገቱ ላይ ያለውን ክር ፈታ በራስዋ አሠራር እንደገና ታስረዋለች።